አብሽሪ፣ መዝገቡ አልተዘጋም

ነይ ወዲህ ቁጭ በይ፣ የኔ ሸጋ። ስልክሽን ወዲያ አድርጊው፤ አፍጥጠሽ ስላየሽው ኢሜይል አይመጣም። ሁሉንም ሰምቻለሁ። የመውጫ ፈተናው ጥሎሻል፣ ማመልከቻ የሰደድሽላቸው የጥብቅና ቢሮዎች ዝም ብለዋል፣ መልስ የሰጠሽ አንዱም «ልምድ ያለው ነው የምንፈልገው» ብሎሻል። ዘመድ ደግሞ በየቡናው «አምስት ዓመት ሙሉ ሕግ ተምራ እንዴት ቤት ትውላለች?» ይላል። ያስከፋል፤ አልክድሽም። ግን አብሽሪ፤ ሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚስተው አንድ ነገር አለና እሱን ልንገርሽ።

ጠበቃ ተለማማጅ የሚወስደው ሥራ በዝቶበት ነው። መዝገብ የሚያስከፍትለት፣ ቀጠሮ የሚከታተልለት፣ የሰበር ውሳኔ ፈልጎ የሚያቀርብለት፣ የአቤቱታ ረቂቅ የሚያዘጋጅለት ሰው ይፈልጋል። ይህን መሥራት እንደምትችይ የሚናገርልሽ ወረቀት በእጅሽ ይኑር። «ታታሪና ለመማር ዝግጁ ነኝ» የሚለውን ሁሉም ስለሚጽፈው ማንም አያነበውም። ያንን ወረቀት ለማዘጋጀት ደግሞ አዲስ አበባ ቤት መከራየት የለብሽም፤ ያለሽበት መካነ ሰላም ይበቃሻል። እንዴት እንደሆነ በተራ በተራ ስሚኝ፤ እየሰማሽም ጻፊ።

አንደኛ፣ ፈተናውን ጨርሺ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱን ሳታልፊ ጊዜያዊ ዲግሪውም አይሰጥሽም። «እኔ ብቻ ወደቅሁ» የሚለውን ወሬ ግን ተይው። ፈተናው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለሁሉም የትምህርት ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በመላ አገሪቱ ሲሰጥ ወደ 150 ሺሕ ሰው ተቀምጦ ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ድጋሚ መፈተን ይቻላል፤ ማለፊያውም 50 ነው። 50 ለማምጣት መጽሐፉን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግሽም። የትኛው የትምህርት ዓይነት እንደጣለሽ ለዪ፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው፣ ውል ነው፣ ወይስ ወንጀል? ብቻሽን አታጥኚ፤ አብረውሽ ከወደቁት ሁለት ሦስቱን ሰብስቢና አንዷ ጠያቂ ሌላዋ መላሽ ሁኑ። ፈተናው እስኪደርስ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ፤ ከዚህ በታች የምነግርሽን ጎን ለጎን ጀምሪው። ለፈተናውም ይጠቅምሻል።

ሁለተኛ፣ የምታንኳኪውን በር እወቂ። በአገራችን ጥብቅና ለረጅም ዘመን የግለሰብ ሥራ ነበር፤ ጠበቆች ተሰባስበው አንድ የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ስለዚህ ዛሬም አብዛኛው ቢሮ ማለት አንድ ጠበቃ፣ አንዲት ጸሐፊና አንድ ረዳት ማለት ነው። እዚያ «ለሰው ኃይል አስተዳደር» ብለሽ የምትጽፊው ደብዳቤ ማንም ጋ አይደርስም፤ ክፍሉ የለማ! እንዲህ ያለው ቢሮ ሰው የሚይዘው በአካል አይቶ ወይም የሚያምነው ሰው ነግሮት ነው። በሌላ በኩል ኢንቨስትመንት፣ ባንክና ግብር ላይ የሚሠሩት የአዲስ አበባ ትልልቅ ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ በኢሜይል ያመለከተውን ያያሉ፣ ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍሽን ይመዝናሉ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማመልከቻ አትላኪ።

ደሴንና ኮምቦልቻንም አትናቂ፣ የኔ እናት። የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደሴ ነው፤ ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክሩም፣ የውል ክርክሩም ወደዚያ ቀርቧል። ቦሌ ላይ በመቶዎች ተሰልፈው ከሚጠብቁበት በር ይልቅ፣ ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከሳይንት በይግባኝ የመጣ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ የደሴ ጠበቃ አንቺን የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ያ ባለጉዳይ ሲናገር አንቺ ያለ አስተርጓሚ ይገባሻል። «አማርኛ ነው እኮ!» ትይኛለሽ። የወሰን ድንጋዩን፣ የጋራ ግጦሹን፣ የአባወራውን ኩርፊያ መረዳት አማርኛ ማወቅ ብቻ መሰለሽ?

ሦስተኛ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ሂጂና ተቀመጪ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ መታወቂያሽን ይዘሽ፣ ነጠላሽን አስተካክለሽ፣ ስልክሽን ዘግተሽ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በይ። ለወሬ እንዳይመስልሽ፤ ደብተር ያዢ። ቀጠሮው ለምን ተለወጠ? ምስክሩ ለምን አልተሰማም? ዳኛው «አስተካክለሽ አምጪ» ብሎ የመለሰው አቤቱታ ምን ጎደለው? መዝገብ ቤት መስኮት ላይ የቆመው ሰው ለምን ተመለሰ፤ የዳኝነት ክፍያ ነው፣ ቃለ መሐላ ነው ወይስ የማስረጃ ዝርዝር? ይህን ከየትም መጽሐፍ አታገኚውም። ተለማማጅን ከተማሪ የሚለየው ይህ ነው።

ከዚያ የሰማሽውን ወደ ሕጉ ውሰጂው። በኛ ደጋ ችሎቱን የሚሞላው መሬት፣ ውርስ፣ ፍቺና ብድር ነው። አንድ ሰው ለጎረቤቱ ያለ ወረቀት ገንዘብ አበድሮ ሲካድ ታያለሽ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472ን ግለጪ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ላይ ካላመነ ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ስንት እንደነበረ፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ አስቢና የገበሬውን ችግር ከዚያ ተረጂ። ሌላው መካነ ሰላም ከተማ ላይ ቤት በእጅ በተጻፈ ውል ገዝቶ ይመጣል፤ ቁጥር 1723ን አንብቢ። ሦስተኛው ማሳውን ወለድ አገድ ይሰጥና አበዳሪው እያረሰ ይኖራል፤ ውሉ ተፈርሟል አልተፈረመም ከማለትሽ በፊት በሕግ ዓይን ምን ዓይነት ውል እንደሆነ ጠይቂ። መነሻሽ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይሁን፤ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ያለው እሱ ነው። ከዚያ የአማራ ክልልን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ከዚያ በ2016 የወጣውን የፌደራሉን አዋጅ ቁጥር 1324 አስከትዪ። ፍቺ ከሆነ ደግሞ የፌደራሉን የቤተሰብ ሕግ ይዘሽ እንዳትሮጪ፤ ክልላችን የራሱ አለው፣ ቁጥር 79/1995። ጉዳዩ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄደም የሁለቱ ወገን ፈቃድ መኖሩን ጠይቂ፤ ሕገ መንግሥቱ ያለ ፈቃድ አይሆንም ይላል። ወሎ ተወልደሽ ይህን አለማወቅ ነውር ነው፣ ልንገርሽ።

አራተኛ፣ ጻፊ። አያቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ቆመው ሲሟገቱ አገር ይሰበሰብ ነበር፤ አንደበቱን ወርሰሻል፣ ስትከራከሪኝም አይቻለሁ። የዛሬ ክርክር ግን አብዛኛው ያለቀው ወረቀት ላይ ነው፤ ጠበቃም የሚቸገረው የሚጽፍለት ሲያጣ ነው። ችሎት ከሰማሻቸው ጉዳዮች ስምና ቀበሌ አጥፍተሽ፣ ለመለያ የሚሆነውን ሁሉ ለውጠሽ አራት ናሙና አዘጋጂ፦ አንድ የክስ አቤቱታ፣ አንድ የመከላከያ መልስ ከመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ጋር፣ አንድ የይግባኝ አቤቱታ፣ አንድ የሰበር ውሳኔ ማጠቃለያ። ይግባኙ ላይ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ጽፈሽ 60 ቀኑን ቁጠሪ፤ ቀን መቁጠር የማትችይ ከሆነ ማንም መዝገብ አይሰጥሽም።

የሰበር ማጠቃለያውን አትዝለይው፣ ማሬ። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ማሰር የጀመረው ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ ነው፤ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቀጥሏል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፣ ስልክሽ ላይም አውርደሽ ማንበብ ትችያለሽ። አንዱን ምረጪና በአንድ ገጽ አስቀምጪው፦ ነገሩ ምን ነበር፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ምን አሉ፣ የሕግ ጥያቄው ምንድን ነው፣ ሰበር ምን ብሎ ፈታው፣ በየትኛው አንቀጽ። ሥራ የበዛበት ጠበቃ ይህን አንድ ገጽ ሲያይ ሙሉ ትራንስክሪፕትሽን ከሚያይ ይልቅ ስለ አንቺ ብዙ ያውቃል። አማርኛ በኮምፒዩተር መጻፍም ልመጂ። በሁለት ጣት እየለቀምሽ «ረዳት ነኝ» አትበይ፤ ጸሐፊዋ ትስቅብሻለች፣ እኔም አብሬያት።

አምስተኛ፣ ማመልከቻውን አሳጥሪው። አንድ ገጽ ይበቃል። «ከድሃ ቤተሰብ ተወልጄ» ብለሽ አትጀምሪ፤ አንባቢው ያዝንልሽና ወደ ሌላው ወረቀት ያልፋል። ምን መሥራት እንደምትችይ፣ ለምን እዚያ ቢሮ እንደመጣሽ፣ ከመቼ ጀምሮ መግባት እንደምትችይ ጻፊ፤ ናሙናዎችሽን አያይዢ። ፈተናው መውደቁና የባከነው ጊዜ ሲነሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «ፈተናውን በድጋሚ ወስጃለሁ፤ መንገድና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ በወረዳው ፍርድ ቤት ችሎት እየተከታተልኩ እነዚህን ረቂቆች አዘጋጅቻለሁ።» በቃ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ክልላችን በግጭቱ ምን እንዳሳለፈ ጠበቃው ያውቃል፤ አንቺ ልታስረጂው የሚገባሽ በዚያ መሃል ምን እንደሠራሽ ነው።

በአካል ስትሄጂ ጠዋት አትሂጂ፤ ጠበቃ ጠዋት ችሎት ነው። ከሰዓት በኋላ ድረሺ። ጸሐፊዋን «እንደምን ዋሉ» ብለሽ በአክብሮት አናግሪያት፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የምትወስነው እሷ ናት። ጠበቃው ባይኖር ወረቀቱን ትተሽ ውጪ፣ ስልክም ስጪ፤ ሳምንት ቆይተሽ ተመለሺ። አንድ ጊዜ ተመልሶ መጠየቅ ትጋት ነው፣ በየቀኑ መደወል ግን ሰው ያስመርራል። መካነ ሰላም ወደ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ቢሮ ብቻ ብለሽ ያንን መንገድ አትውጪ። አስቀድመሽ ደውለሽ የሦስት አራቱን አድራሻ ያዢ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ጠይቂ፣ የምታድሪበትን ዘመድም አስታውቂ።

ስድስተኛ፣ «በነፃ ሥሪ» ቢሉሽ? ወዲያው አትቆጪ፣ ወዲያውም እሺ አትበይ። ሳንድራ ደይ ኦኮነር በ1952 እ.ኤ.አ. ከስታንፎርድ በጥሩ ውጤት ስትመረቅ ሴት ናትና የሚቀጥራት የሕግ ድርጅት ጠፋ፤ አንዱ ያቀረበላት የጸሐፊነት ሥራ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ያለ ደመወዝ፣ ከጸሐፊዋ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ጀመረች። በ1981 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆነች። ያም ሆኖ የአንቺ አባት በሬ ሸጦ ነው ያስተማረሽ። ስለዚህ ገደብ አብጂ፦ ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ ይታሰብልኝ፣ መጀመሪያና መጨረሻው ቀን ይታወቅ፣ ስጨርስ የሠራሁትን የሚዘረዝር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይሰጠኝ በይ። ቀንቶሽ ከተቀጠርሽ ደግሞ የሕግ ሰው ነሽና መብትሽን እወቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናውን ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥሽ ይገባል። ደብዳቤሽን ሁሉ በፋይል አስቀምጪ፤ የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት ስትነሺ ማስረጃ ሲጠየቅ ዞረሽ የምትለምኚው ሰው ቢሮውን ዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ሰባተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ጆሮሽን ስጪኝ። «ትልቅ ቢሮ አስገባሻለሁ፣ ትንሽ ብር ብቻ» የሚል ደላላ ከመጣ አንድ ሳንቲም አትስጪ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ማታ ሆቴል የሚጠራሽ «ጠበቃ» ካለ ቃለ መጠይቅ አይደለም፤ አትሂጂ፣ ለእኔም ንገሪኝ። ሥራ ላይ ያለ ፆታዊ ትንኮሳ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የተከለከለ ነው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው ያለው። አፍረሽ ዝም ካልሽ የሚጠቀመው እሱ ነው። ደግሞ አንቺም ከወሰን አትለፊ፦ መንደር ስትመለሺ «ጠበቃችን መጣች» ይሉሻል፣ ዶሮ ይዘው ይመጣሉ፣ «ይኼን ክስ ቁሚልኝ» ይላሉ። ፈቃድ ሳይኖርሽ በጠበቃ ስም ችሎት መቆምም ገንዘብ መቀበልም ሕግ መጣስ ነው፤ ገና ሳትጀምሪ ስምሽን አታበላሺ። ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ምሪያቸው፣ ዶሮዋንም መልሺ። ቢሮ ያየሽውን መዝገብም ቡና ላይ አታውሪ። መካነ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ ጠዋት ያወራሽው ከሰዓት በኋላ ተከሳሹ ቤት ይደርሳል።

ስምንተኛ፣ በሩ አንድ ብቻ አይምሰልሽ። ጥብቅና ቢሮ ዘንድሮ እምቢ ካለሽ የወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ የባንክ የሕግ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አለ። የ«0 ዓመት» ማስታወቂያ በየቦርዱ ተከታተዪ። በእነዚህ ቤት ያሳለፍሽው ጊዜ አይባክንም፤ ሬጅስትራር ቤት የሠራች ልጅ አቤቱታ ለምን እንደሚመለስ ታውቃለችና ጠበቃ ይፈልጋታል። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ተመልከቺ። አሶሳ ተወልደው፣ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው፣ የሕገ መንግሥቱ ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆነው፣ ከዚያ የሴት የሕግ ባለሙያዎቹን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ማኅበሩ ይዞ ልጅቷ ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ ነፃ ወጣች፤ «ድፍረት» የሚለው ፊልም የተሠራው በዚያ ታሪክ ነው። በ2011 ወይዘሮ መዓዛ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከሴት የመጀመሪያዋ። ከቦታ ቦታ ሲዛወሩ የኖሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቦታ ግን ለሚቀጥለው ስንቅ ሆኗቸዋል።

ቤተሰብ ደግሞ «አግቢና ይብቃሽ» ሊልሽ ይችላል። አትጣያቸው፤ ስለ ወደዱሽ ነው። የጊዜ ሰሌዳሽን አሳያቸው፦ እስከ መቼ ፈተና፣ እስከ መቼ ማመልከቻ፣ ካልሆነስ ወዴት። አባትሽ ዕቅድ ያየ ቀን ከአንቺ በላይ ጠበቃ ይሆንልሻል።

በይ አሁን ሥራ ልስጥሽ። ሰኞ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ደብተር ይዘሽ። ማክሰኞና ረቡዕ ከሰማሽው አንዱን የክስ አቤቱታ አድርገሽ ጻፊው። ሐሙስ አንድ የሰበር ውሳኔ። ዓርብ ሁለቱንም ላኪልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ እሞላዋለሁ። ስታዪው ትናደጃለሽ፣ ስሜንም ታነሺኝ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ የኔ ሸጋ። ቅዳሜ ተናድደሽ አስተካክዪውና እሑድ ደግመሽ ላኪው።